የግሪን ሃይድሮጅን ንግድ "አዲስ ቅኝ ግዛት" ነው የሚባለው እውነት ነው? (ናሚቢያና ጀርመን)

ለማወቅ_ያህል
ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን ስለ ግሪን ሃይድሮጅን ሳነብ ነበር፣ ባነበብኩ ቁጥር ግን ግራ እየገባኝ ነው። እኔ እንደገባኝ በፀሐይና በንፋስ መብራት ውሃን ሰንጥቀው ሃይድሮጅኑን ያወጡታል፣ ከዛ ወደ አሞኒያ (ማዳበሪያም የሚሠራበት ጋዝ ነው) ቀይረው በመርከብ ይልኩታል። አውሮፓ በ2022 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከሩሲያ ጋዝ ልላቀቅ ብላ እስከ 2030 ድረስ በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን ከውጭ አስገባለሁ አለች። ከዛ በኋላ ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው ናሚቢያ ነች፣ ሃይፈን የሚባል 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ ፕሮጀክት አለ፣ ይሄ ማለት 3 ሚሊዮን ሕዝብ ያላትን አገር የዓመት ኢኮኖሚ የሚጠጋ ነው። እሷ ራሷ ግን ከምትጠቀመው መብራት አብዛኛውን ከጎረቤት ነው የምትገዛው፣ ከሕዝቧም ግማሽ የሚጠጋው ቤቱ መብራት የለም። ግማሹ ሰው "አረንጓዴ ቅኝ ግዛት" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "ዕድል ሲመጣ ማላዘን ትወዳላችሁ" ይላል። እባካችሁ መፈክሩን ተዉትና የገባው ሰው ያስረዳኝ።

የታሪክ_ተማሪ
ናሚቢያን ካነሳህ ከመሬቱ ጀምር። ፕሮጀክቱ የታሰበበት 4,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ቦታ ፃው ካይብ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በ1908፣ አገሪቱ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ዘካሪያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሸዋ ሲጠርግ አልማዝ አገኘና ለጀርመናዊው አለቃው ለአውጉስት ሽታውክ ወስዶ ሰጠው። አለቅዬው ከበረበት፣ ሌዋላ ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። በዛው ዓመት የጀርመን አስተዳደር አካባቢውን አጥሮ የተከለከለ ዞን አለው፣ ያገሬው ሰው ያለፈቃድ እግሩን እንዳያስገባ ሆነ፣ መቶ ዓመት አካባቢ እንደዛ ቆይቶ ነው በ2008 ፓርክ የተባለው።

አሞኒያው ይወጣበታል የተባለው ወደብ ደግሞ ሉደሪትዝ ነው። እዛው ወደቡ ስር ሻርክ ደሴት አለ፣ ከ1905 እስከ 1907 ጀርመኖች ናማና ሄሬሮ የሚባሉትን ያገሬውን ሕዝቦች ያጎሩበት ካምፕ ነበር፣ በብርድ በረሃብና በግዳጅ ሥራ ስንቱ አለቀበት፣ የሟቾቹን ራስ ቅል ለ"ጥናት" ብለው በርሊን ልከዋል። ዛሬ ቱሪስት ድንኳን ተክሎ ያድርበታል (ይሄ ብቻውን ሌላ ርዕስ ያስከፍታል)። ወደቡ ይስፋ ሲባል የተጎጂዎቹ ልጅ ልጆች የሰዎቻችን አጽም ያለበትን አትንኩብን ነው ያሉት።

እና ጀርመን በ2021 ዘር ማጥፋት ነበር ብላ አመነች፣ ግን ካሳ አልከፍልም የልማት እርዳታ ነው ብላ በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ አቀረበች። ብዙ የናማና የሄሬሮ መሪዎች እኛ ሳንወከል ነው ብለው አልተቀበሉትም። የሁለቱ መንግሥታት የሃይድሮጅን የትብብር ሰነድ የተፈረመውም በዛው ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው።

ኢንጂነሩ_77
ታሪኩ ላይ አልከራከርም ግን "ሊዘርፉን ነው" የሚለው ትንተና አሁን ያለውን ችግር ይስታል፣ አሁን ያለው ችግር የሚገዛ መጥፋቱ ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይበላል። ፈሳሽ አድርጌ ልጫነው ካልክ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አለብህ፣ አሞኒያ ቢሆን 33 ይበቃዋል ለዛ ነው ሁሉም ወደ አሞኒያ የሚሮጠው፣ ግን ሃምቡርግ ካደረስከው በኋላ መልሼ ሃይድሮጅን ላርገው ስትል እንደገና ኃይል ይበላል። ጀርመን በ2024 የመጀመሪያውን የኤችቱ ግሎባል (ሃይድሮጅን ከውጭ ለመግዛት ያቋቋመችው አሠራር) ጨረታ ውጤት ስታወጣ ከግብጽ የሚመጣው አሞኒያ አውሮፓ ወደብ ደርሶ ቶኑ 1,000 ዩሮ ነው የወጣው፣ ከጋዝ ከሚሠራው በጣም ውድ ነው፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው የጀርመን መንግሥት ድጎማ ነው። ድጎማው ሲቆምስ?

ሃይፈንን እይ። አር ደብልዩ ኢ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በዓመት 300,000 ቶን አሞኒያ ልወስድ እችላለሁ ብሎ በ2022 የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር፣ በ2025 የአውሮፓ ፍላጎት እንደታሰበው አልሄደም ብሎ ወጣ። መግባቢያ ሰነድ አያስገድድም፣ ቅጣት የለው ምን የለው፣ በቃ ወጣ። 10 ሚሊዮን ቶን የተባለውንም የአውሮፓ ኅብረት የራሱ ኦዲተሮች በ2024 ከጥናት ይልቅ በፖለቲካ ፍላጎት የወጣ ቁጥር ነው ብለውታል።

አንባቢ_ነኝ
ውሃውስ? ቦታው በረሃ አይደል እንዴ

ኢንጂነሩ_77
@አንባቢ_ነኝ ከባህር ነው የሚወስዱት። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን በስሌት 9 ሊትር ንጹህ ውሃ ይፈልጋል፣ በተግባር ከዛ በላይ፣ ጨውን ለመለየት የሚሄደው መብራት ከጠቅላላው አንጻር ኢምንት ነው። የሚያሳስበው ተመልሶ ባህር የሚደፋው ጨዋማ ፍሳሽ ነው፣ የዓሣ ሥራው እዛው ነዋ።

ውል_አንብቡ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። ሉደሪትዝ የሚለው ስም ከየት መጣ? አዶልፍ ሉደሪትዝ የሚባል የብሬመን ነጋዴ በ1883 ከናማው አለቃ ከጆሴፍ ፍሬድሪክስ ከባህሩ ወደ ውስጥ 20 ማይል መሬት ገዛ። አለቃው የሚያውቁት የእንግሊዙን ማይል ነው፣ 1.6 ኪሎሜትር። ሰውዬው ውሉ ላይ ያሰበው የጀርመኑን፣ 7.4 ኪሎሜትር። 32 ኪሎሜትር ሸጥኩ ያሉት 148 ሆኖ አረፈው። ማንም መሣሪያ አልመዘዘም፣ መለኪያውን ገዢው ያዘ እንጂ።

አሁን መለኪያው ማን ጋ ነው? በ2023 የወጣው የአውሮፓ ደንብ እንደሚለው ሃይድሮጅንህ ታዳሽ እንዲባል በአዲስ የኃይል ማመንጫ የተመረተ መሆን አለበት፣ ከ2030 ጀምሮ ደግሞ የፈጀው መብራት በዛው ሰዓት ከነፋሱና ከፀሐዩ የመነጨ። እውነት ለመናገር ደንቡ ትርጉም የለውም አልልም፣ ያለዛ የድንጋይ ከሰል መብራት አረንጓዴ ቀብቶ የሚሸጥ ይመጣል። ግን ፋብሪካውን የሚተክለው አገር ድምጽ የለውም፣ ገዢው ነገ ደንቡን ቢያሻሽለው በአሮጌው ደንብ ተበድረህ የገነባኸው ያንተው ጣጣ ነው።

ደግሞ አፍሪካ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። ዚምባብዌ ክዌክዌ ላይ ሴብል ኬሚካልስ ውሃ በመብራት እየሰነጠቀ ለአገሩ ገበሬ ማዳበሪያ ሲሠራ ኖሯል፣ 2015 አካባቢ ነው የመብራት እጥረት ያስቆመው። ያ ሃይድሮጅን መርከብ አላየም። ናሚቢያም ውስጥ አራንዲስ አጠገብ ኦሺቬላ የሚባል ፋብሪካ በ2025 በሃይድሮጅን ብረት ማምረት ጀምሯል፣ ድፍን ብረት ጭኖ መላክ የሚፈነዳና የሚያመልጥ ጋዝ ከመላክ በስንት ጣዕሙ፣ ሥራውም ትርፉም ትንሽ እዛው ይቀራል። እርግጥ ለማቋቋሚያው የጀርመን መንግሥት ገንዘብ ገብቶበታል፣ እሱንም አትርሱ።

ለማወቅ_ያህል
አመሰግናለሁ፣ የዛ የ20 ማይሉ ነገርማ ለማመን ከበደኝ። አንድ ልጠይቅና ላቁም፣ የናሚቢያ መንግሥት ከሃይፈን 24 በመቶ ድርሻ መያዝ ይችላል ይባላል። ያ አይበቃም?

ውል_አንብቡ
ድርሻው በነፃ አይደለማ፣ ገንዘብ ማግኘት አለባት፣ እሱንም በእርዳታና በብድር ነው የሚያስቡት። ብድር ከሆነ አሞኒያው ተሸጠም አልተሸጠም ወለዱ ይቆጥራል። አር ደብልዩ ኢ የወጣው ፊርማውን ብቻ ትቶ ነው፣ እሷ እንደዛ መውጣት አትችልም።

ኢንጂነሩ_77
ለዛ ነው መጀመሪያ የሚያስገድድ የግዢ ውል፣ ከዛ ድርሻ የምለው። እስካሁን የሄዱት ተገላቢጦሽ ነው።