የአማቴ የዲ.ኤን.ኤ ዘመዶች በሙሉ ሌላ ስም ያላቸው ሆኑብን! ቅዳሜ ወደ አየርላንድ እንበራለን

የሺ_ቦስተን፦
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባሌ አይሪሽ አሜሪካዊ ነው። አባቱ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ የአያቴን አገር ሳላይ አልሞትም ስላሉ ቲኬት ቆርጠናል። አያትየው ፓትሪክ ኪንግ ይባላል፣ ከምዕራብ አየርላንድ፣ ከጎልዌይ ነው የመጣው። በስሙ ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ዛሬ ደግሞ የአማቴ የምራቅ ዲ.ኤን.ኤ ውጤት መጣና ከጎልዌይ በኩል ያሉት ማቾች (በዲ.ኤን.ኤ የገጠሙት ዘመዶች) በሙሉ ኮንሮይ ናቸው! አንድም ኪንግ የለም። ባሌ «አያትየው የሌላ ሰው ልጅ ነበር ማለት ነው» ብሎ ፊቱ ጠቁሯል። ለሽማግሌው እስካሁን አልነገርንም። ላብራቶሪው ናሙና አቀያይሮ ይሆን?

ኮተቤ_ልጅ፦
ኪንግ ማለት እኮ ንጉሥ ነው። ንጉሣውያን ቤት ገብተሽ ነው ዝም ያልሽን? ደግሞ እኛ ጋ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ከሠርጉ በፊት ነበር፣ እትዬ የሺ።

ዳዊት_ስፕሪንግ፦
ይሄ የታወቀ ነው። ኤሊስ ደሴት፣ ኒው ዮርክ የነበረው የስደተኞች መግቢያ ላይ፣ ጸሐፊዎቹ እንደመጣላቸው ስም ይቀይሩ ነበር። ፋይሉን አውርጂና ጌድማች የሚባለው የዲ.ኤን.ኤ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ላይ ጫኚው፣ ነጻ ነው።

ጋሽ_ምንዳዬ፦
ልጆች፣ ከመጣደፍ በፊት ታሪኩን ማወቅ ደግ ነው። በፈረንጆቹ ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ መትቶት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብ አለቀ፣ ከዚያ የማያንስም ተሰደደ። መዝገባቸውም መከራ ያየ ነው። በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ሕንፃ የነበረው መዝገብ ቤት ተቃጠለ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል እዚያ አመድ ሆነ። የ1881 እና የ1891ዱን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ራሱ ለወረቀት ብሎ አስፈጨው። ከነጻነት በፊት ከነበሩት ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901 እና የ1911 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ከዚያ በፊት ከወጣ በቆጠራ አታገኙትም።

ኮተቤ_ልጅ፦
ጋሼ፣ በረራው ቅዳሜ ነው።

ሊያ_ነርስ፦
የሺዬ፣ ዋናውን ሳትነግሪን። ትልቁ ኮንሮይ ስንት ሴንቲሞርጋን (የሚጋሩት ዲ.ኤን.ኤ መለኪያ) ነው? አያትየው በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በየት ወደብ ገባ? ያገባው የት ነው? ባልሽስ ራሱ ተመርምሯል? ተመርምሮ ከአባቱ ጋር ልጅ ሆኖ ከወጣ የናሙና መቀያየር የሚባለውን እርሺው።

የሺ_ቦስተን፦
ባሌ አምና ተመርምሯል፣ አባትና ልጅ ብሎ አውጥቷቸዋል፤ አሁን ገባኝ። ትልቁ ኮንሮይ 214 ይላል፣ ከዚያ 80 እና 61። አያትየው የመጣው በ1893 ነው፣ በመርከብ ቀጥታ ቦስተን። ያገባውም እዚሁ ቦስተን ነው። ሽማግሌው ኮነማራ ኮነማራ ይላሉ፣ መንደር ይሁን ሰፈር አላውቅም። ዜግነት የወሰደበት ወረቀት አለን፣ ግን የትውልድ ቦታ «አየርላንድ» ብቻ ነው የሚለው።

ብሩክ_ደ፦
እኔ እዚህ ውስጥ የሚታየኝ ሌላ ነው። ፓስፖርት አስባችሁ ከሆነ አያት እዚያ ከተወለደ የልጅ ልጅ ተመዝግቦ ዜግነት ያገኛል። አማትሽ ያገኛሉ ማለት ነው። ባልሽ ግን ለእሱ ቅድመ አያት ነው የሚሆነው፤ አባቱ እሱ ከመወለዱ በፊት ካልተመዘገቡ በዚህ በኩል አይሆንም። አትልፉ።

የሺ_ቦስተን፦
ወንድሜ፣ ፓስፖርት ማን ጠየቀ? ሽማግሌውን መቃብር ላይ ላቁማቸው ነው።

ማርታ_ጎልዌይ፦
የሺ፣ ባልሽን አረጋጊው። እኔ የምኖረው እዚሁ ጎልዌይ ነው። ኮነማራ መንደር አይደለም፣ ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ሰፊ አገር ነው፤ አይሪሽኛ እስከ ዛሬ ይነገርበታል። እዚያ ማክ ኮንሪ የሚባል ጎሳ አለ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ቤት ኮንሮይ ተባለ፤ ሌላው ደግሞ መጨረሻው «ሪ» የሚለው በአይሪሽኛ ንጉሥ ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ኪንግ ተባለ። የአንድ አባት ልጆች እንኳ አንዱ ኪንግ፣ አንዱ ኮንሮይ ሆነው ይገኛሉ። የእኔና የወንድሜ ፓስፖርት ላይ የአባታችን ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ የለም እንዴ!

214 ለአማትሽ ሁለተኛ ደረጃ የአጎት ልጅ ቢሆን የሚጠበቅ ቁጥር ነው፣ ማለትም የፓትሪክ ወንድም ወይም እህት የልጅ ልጅ። 80ው እና 61ዱ ሦስተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ስም ገጠመ ብላችሁ አታቁሙ፤ ማች የሆነው ሰውዬ ኮንሮይ ይባል እንጂ ዝምድናው በእናቱ በኩል ሊሆን ይችላል።

ዛሬውኑ የቦስተኑን የጋብቻ መዝገብ አውጡ። ማሳቹሴትስ የሙሽራውን አባትና እናት ስም ይጽፋል። የሚያስፈልጋችሁ የእናቱ ስም ነው፣ ከእነ አባቷ ስም። ከዚያ አይሪሽ ጂንየሎጂ የሚባለው የመንግሥት ነጻ ድረ ገጽ ላይ ልደት ፈልጉ፤ ከ1864 ወዲህ የሁሉም ልደት እንዲመዘገብ ግዴታ ነበር። የኮነማራ መመዝገቢያ ወረዳዎችን፣ ክሊፍደንን እና ኡክተራርድን ምረጡ፣ መጀመሪያ ኪንግ፣ ቀጥሎ ኮንሮይ በሉ። ዝርዝሩ የእናት ስም ባያሳይ የመዝገቡን ፎቶ ክፈቱ፣ እዚያ አለ፤ የመንደሩም ስም ከጎኑ ተጽፏል። ሽማግሌውን የምትወስዱበት እሱ ነው። ዕድሜ ላይ አትድረቁ፣ አራት አምስት ዓመት ወዲህ ወዲያ የተለመደ ነው። በ1909 የአረጋውያን ጡረታ ክፍያ ሲጀመር ደግሞ አንዳንዱ ከ1901ዱ እስከ 1911ዱ ቆጠራ ባለው ጊዜ በወረቀት ከአሥር ዓመት በላይ ያረጀ አለ።

እህት ብሪጅት ካለች ዲሊያ ተብላም ትገኛለች፣ ያው ሰው ናት።

ዳዊት_ስፕሪንግ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ስሙ ተቀይሯል። ጌድማች ላይ ጫኚው።

ማርታ_ጎልዌይ፦
ዳዊት፣ የተቀየረው እዚህ አየርላንድ ነው። የኤሊስ ጸሐፊ ከመርከቡ ጋር የመጣውን ዝርዝር ይዞ ያመሳክር ነበር እንጂ ስም አያወጣም። ፓትሪክ ደግሞ የገባው በቦስተን ነው።

ሊያ_ነርስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከፓትሪክ የሚወለዱ የታወቁ የአማትሽ የአጎት ልጆች ካሉና ተመርምረው ከሆነ፣ የጋራ ማቾች የሚለውን ተጫኚ። እነዚያ ኮንሮዮች ለእነሱም ከወጡ መስመሩ በፓትሪክ ወይም በሚስቱ በኩል መሆኑ ይታወቃል። የዋይ ክሮሞዞም ምርመራም አለ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚሄድ ከላስት ኔም ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ግን ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል፣ ለቅዳሜ አይደርስም።

ኮተቤ_ልጅ፦
እና ንግሥናው ቀረ?

ተፈሪ_አትላንታ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። የሚስቴ አያት ካቫን የሚባል ቦታ ነው ያሉት፣ ስማቸው ስሚዝ። እሳቸውም አልተገኙም።

ማርታ_ጎልዌይ፦
ማክጎወን ብለህም ፈልግ። ያ ስም የአንጥረኛ ልጅ ማለት ስለሆነ ካቫን ውስጥ ብዙው ስሚዝ ተብሏል። የሺ፣ የጋብቻ ወረቀቱ ተገኘ ወይ?

ተፈሪ_አትላንታ፦
ማክጎወን በሁለት ሲ ነው በአንድ?

ጋሽ_ምንዳዬ፦
ተፈሪ፣ ለራስህ ጥያቄ ራስህ ርዕስ ክፈት እንጂ።