«ቀን ያልታሰረ ውሻ ማታ አይጠብቅም» ማለት ምን ማለት ነው?

የቡቺ እናት፦
ከእሁዱ የሰፈር ስብሰባ ከተመለስኩ ጀምሮ ሆዴ እያረረ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን ማታ ውሻውን ሲፈታ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበርና ውሻው ወጥቶ የስምንት ዓመት ልጅ ባት ነከሰ። ልጁ ክትባት ጀምሯል፣ ይመስገነው። ስብሰባው የተጠራው ለዚህ ነበር። ግን ስለ በሩ የተናገረ የለም። አንድ አባት ተነሥተው «ቀን ያልታሰረ ውሻ ማታ አይጠብቅም፤ ሁሉም ውሻውን ይሰር» አሉ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የነከሰው ውሻ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ቀን ታስሮ የኖረ ነው! የእኔ ቡቺ አራት ዓመት ግቢ ውስጥ ተፈትታ ስትውል አንድ ሰው ነክሳ አታውቅም። አሁን ኮሚቴው «እስከ ቅዳሜ እሰሪ» ብሎኛል። ይህ አባባል ከየት መጣ? ማንስ አይቶ መሰከረ?

ሳሪስ 40 ዓመት፦
ልጄ፣ በእኒያ አባት አትቆጪ። እኔም የምለው እሳቸው ያሉትን ነው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ግቢዬ ያለ ውሻ አድሮ አያውቅም። ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ማታ ሲፈታ ነብር ነው። ቀን ከልጆች ጋር ሲላፋ የዋለ ግን ሌባውንም ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። በ40 ዓመት አንድ ብርድ ልብስ ከገመድ ላይ አልተወሰደብኝም። አይቼ ነው የምመሰክረው።

የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት «አይጠብቅም» የምትለዋን ቃል ልያዝ። ውሻ ጠበቀ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው? እንግዳ ሲመጣ ጮሆ ባለቤቱን መቀስቀስ ከሆነ ማሰር አያስፈልገውም፤ ግቢውንና ቤተሰቡን ማወቁ ይበቃዋል። ያገኘውን መንከስ ከሆነ ደግሞ ያ ሌባውንም፣ ቆጣሪ አንባቢውንም፣ የጎረቤት ልጅንም እኩል ነው የሚያገኘው።

የታሰረ ውሻ ለምን እንደሚከፋ ልንገራችሁ። ውሻ ሲፈራ ወይ ይሸሻል ወይ ይገጥማል። ሰንሰለቱ መሸሹን ከለከለው፤ የቀረለት መግጠም ብቻ ነው። በዚያ ላይ በበሩ በኩል ያለፈ ሁሉ ሲጮህበት ይሄዳል። ሰውየው ድሮም መንገደኛ ነው፤ ውሻው ግን «ጮኼ አባረርኩት» ብሎ ይይዘዋል። ይህን ቀኑን ሙሉ ሲማር ይውላል። ማታ ነብር ሆነ የምትሉት ይህንን ነው።

ሳሪስ 40 ዓመት፦
ዶክተር፣ ሌባው ፈርቶ ከሄደ ውሻው ለምን ጮኸ ብዬ አልመረምረውም። ፈርቶም ይጩህ፣ ደፍሮም ይጩህ፣ አጥሬን ካልዘለሉ ጠብቋል።

የማታ ጥበቃ ነኝ፦
እኔ ዘጠኝ ዓመት ማታ ማታ ሦስት ግቢ ጠብቄአለሁ። ውሾቹን የማበላቸውም የምፈታቸውም እኔ ነኝ። በአንደኛው ግቢ ያለው ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል። ማታ ቅጠል ሲረግፍ ይጮኻል፣ ድመት ሲያልፍ ይጮኻል፣ ባጃጅ ሲያልፍ ይጮኻል። ባለቤቶቹ ለምደውት መስኮት እንኳ አይከፍቱም። እኔም እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ውሻ ጩኸት ከወንበሬ አልነሣም። በሁለተኛው ግቢ ያለችው ተፈትታ የምትውል ናት። ሌሊት ከጮኸች ባትሪዬን ይዤ እሮጣለሁ፣ ምክንያቱም ያለ ነገር አትጮኽም። ሁለት ጊዜ አጥር ላይ የወጣ ሰው ያስያዘችኝ እሷ ናት። ጋሼ፣ ጠባቂዋ የትኛዋ ናት?

የቡቺ እናት፦
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን እሁድ ብትናገርልኝ ኖሮ!

ኮተቤ ላይኛው፦
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላንሣ። «ቀን እሰር» የሚሉት ቀስ በቀስ ሌሊትም ሳይፈቱት ያድራሉ፤ የእኛ ቤት እንዲያ ነበር። አባታችን ደክሞት የሚተኛበት ቀን አለ፣ እኛ ልጆቹ እንረሳለን። አንድ ሁዳዴ ላይ ጅብ በጎርፉ ቦይ በኩል ገባ። ጃክ ታስሮ ነበር። ጠዋት ያገኘነው ሰንሰለቱንና የአንገት ቀበቶውን ነው። ተፈትቶ ቢሆን ወይ በረንዳ ይወጣ ነበር ወይ በአጥሩ ቀዳዳ ያመልጥ ነበር። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ሰንሰለት ሲንኳኳ አትወድም። እንጦጦ ሥር፣ ጉለሌ፣ የካ ያላችሁ ሰዎች ይህን ታውቃላችሁ።

ሳሪስ 40 ዓመት፦
ያሳዝናል ልጄ። እሱ ግን የማሰር ሳይሆን ያለመፍታት ጥፋት ነው። እኔ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ፈትቼ ነው እራት የምቀርበው።

ኮተቤ ላይኛው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያደርጉታል። «ሁሉም ይሰር» ተብሎ ሲታዘዝ ግን ስንቱ ቤት አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይፈታል?

አዲሱ ሚካኤል ሰፈር፦
ሁዳዴ ያልከው እውነት ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ጅቡ የሚለቅመው አጥንት ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የትግራይ ጥናት ጅቦች በዐቢይ ጾም ወደ አህያ እንደሚዞሩ ታይቷል። ውሻውስ ቢሆን? ያን ሁሉ ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ እየሰጠን «ምነው ተቆጣ» እንላለን።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይቅርታ፣ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፤ እስካሁን አንድ ሰው ያልጠየቀው ነገር አለ። የነከሰው ውሻ ተከትቧል ወይ? አሁንስ የት ነው?

የቡቺ እናት፦
ክትባት የለውም። ውሻውን... እዚያው ማታ ወጣቶቹ ገደሉት። ገንዳ ውስጥ ጣሉት።

የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ፦
ወይኔ! ወይኔ! ለምን ይገደላል? የነከሰ ውሻ ታስሮ (እዚህ ላይ ማሰሩ ተገቢ ነው) 10 ቀን ይታያል። ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይ ይሞታል። ደኅና ሆኖ ከቆየ ለልጁ ቤተሰብ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሞቶ እንኳ ቢሆን ጭንቅላቱ ላቦራቶሪ ተወስዶ ይመረመራል። አሁን ቤተሰቡ የሚያውቀው ነገር የለም። እህቴ፣ አደራ በይልኝ፣ ልጁ አንድም መርፌ እንዳይቀርበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔም የፈራሁት ይህንን ነው። ልጅ ሳለሁ ወንድሜን ያበደ ውሻ ነክሶት መርፌው ወደሚሰጥበት ወደ ፓስተር ተቋም ሲመላለስ አስታውሳለሁ፤ ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነበር፣ በየቀኑ፣ እያለቀሰ። ዛሬ ክንድ ላይ ሆኗል፣ ጥቂት ጊዜ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን አሁንም «ሥር የሚሰጡ ሰው አሉ» ብለው ይወስዳሉ። አንዲት ዘመዴ በዚያ መንገድ ልጇን አጥታለች። ስለ ሰንሰለት ስትከራከሩ በሽታው ላይ ዝም አትበሉ።

አዲሱ ሚካኤል ሰፈር፦
እህቴ፣ ባህላዊ መድኃኒቱን እንዲህ አታጣጥይው። የአያቴ ወንድም ያዳኑት ሰው ብዙ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ያዳኑትን ያበደ ውሻ መንከሱን በምን አወቃችሁ? ጤነኛ ውሻ የነከሰውማ ሥሩንም ባይጠጣ ይድናል። እኔ ቀብር ቆሜ መጥቻለሁ፣ ይህን ነገር ከእኔ ጋር አትከራከረኝ።

የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ፦
እሷ ትክክል ናት። የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ወደ ሰው ከሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። የባሌን ቀይ ቀበሮ እንኳ በተደጋጋሚ የጨረሰው ከመንደር ውሻ የተሻገረው ይህ በሽታ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው «ሁሉም ይሰር» ከሚል «ሁሉም ያስከትብ» ቢል ልጆቹን ይጠብቃቸው ነበር።

ሳሪስ 40 ዓመት፦
በክትባቱ እስማማለሁ። የእኔ በየዓመቱ ይከተባል፣ ወረቀቱ አለኝ። ግን ክትባት ሌባ አያባርርም። ከርዕሱ አንውጣ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከውጭ ሆኜ ስለገባሁ ይቅርታ። እዚህ ሜሪላንድ ከአራት ወር በላይ የሆነ ውሻ ሁሉ መከተብ ግዴታው ነው። እኔም ውሻዬን በገመድ ነው የማወጣው፤ ግን ገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ እኔ አለሁ። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። ግንድ ላይ ታስሮ ብቻውን የዋለና ከሰው ጋር ታስሮ የተራመደ አንድ አይደሉም። በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አስወጡት፣ ቁጣው ይበርድለታል።

ኮተቤ ላይኛው፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ሞክሪው። ከበር ሃምሳ ሜትር ሳትርቂ ስድስት የጎዳና ውሻ ይከብሻል። ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ተመልሻለሁ።

ሳሪስ 40 ዓመት፦
ውሻ በገመድ ይዞ መዞር፣ ሶፋ ላይ ማስተኛት፣ ይህ የፈረንጅ ነው። የእኛ ውሻ ደጅ ነው ቦታው።

የቡቺ እናት፦
ጋሼ፣ ጃንሆይስ ውሻቸውን ሉሉን ቤተ መንግሥት ውስጥ አላሳደጉም? ፈረንጅ ነበሩ? ደግሞ ቡቺ ሶፋ ላይ አትወጣም፣ ደጅ ነው የምታድረው። እኔ የጠየቅሁት አትታሰርብኝ ብቻ ነው።

የኮልፌ ልጅ፦
እኛ ቤት ውሻ ውስጥ አይገባም፣ ሃይማኖታችን ነው። ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ግን ተፈቅዷል፣ እኛም ግቢያችን ውስጥ ውሻ አለን። ደግሞ ጉድጓድ ወርዶ የተጠማ ውሻን በጫማው ውኃ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ነው የተማርነው። ፀሐይ ላይ ታስሮ ጣሳው ተደፍቶ ምላሱን አውጥቶ የሚውል ውሻ በየሰፈሩ አለ። ደጅም ይደር፣ ይህ ግን ግፍ ነው።

የማታ ጥበቃ ነኝ፦
ማሰር የግድ ከሆነ በግቢው ቁመት ሽቦ ወጥሩና ሰንሰለቱን ቀለበት ላይ አድርጋችሁ ሽቦው ላይ ይንሸራተት። ጥላና ውኃ የሚደርስበት ይሁን። እኔ አሠሪዬን ለምኜ አሠርቼአለሁ። በወሩ ጩኸቱ ቀንሷል።

ሳሪስ 40 ዓመት፦
ይቺን ሐሳብ ወድጃታለሁ። ሽቦው ምን ያህል ውፍረት አለው?

የቡቺ እናት፦
የቡቺን ነገር ልንገራችሁ። የሁለት ወር ቡችላ ሆና ስትመጣ የሰፈሩ ልጆች፣ አትክልት የሚያዞረው፣ ሰራተኛችን፣ ሁሉም በእጁ ዳቦ ሰጥቷታል። ለዚህ ነው ሰው የማትፈራው። ያስቸገረችኝ ማዘዙ ላይ ነው። እኔ «ቁጭ በይ» እላታለሁ፣ ባለቤቴ «ተቀመጪ»፣ ልጄ «ሲት»። ለሦስታችንም አትታዘዝም ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ፦
ጥሩ አድርገሻል። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ያየችው ነገር ዕድሜ ልክ ይከተላታል። ቋንቋውን በተመለከተ ደግሞ ውሻ እንግሊዝኛም አማርኛም አይችልም፤ ድምፅ ነው የሚይዘው። እኛ ለወንድ «ና»፣ ለሴት «ነይ» እያልን፣ ሰው ሲለዋወጥ ደግሞ ቃሉን እየቀያየርን ግራ እናጋባዋለን። ቤተሰቡ በሙሉ አንዲት አጭር ቃል ይምረጥ። «ቁጭ» ይበቃል። ቁጭ ባለች ቅጽበት ቁራሽ ትቅመስ፣ ደቂቃ ቆይቶ የተሰጣት ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
«ሲት» ማለት ምን ነውር አለው? የእኔ በአማርኛ ብናገራት አትሰማም።

ኮተቤ ላይኛው፦
ነውር የለውም። ሰራተኛዋና አያትየው የማይሉትን ቃል ግን ለምን መረጣችሁ? ቤት ውስጥ አብረዋት የሚውሉት እነሱ ናቸው። «ቁጭ»ን ሁሉም ይችላል።

የቡቺ እናት፦
እኛም «ቁጭ» ላይ ነው የተስማማነው። በሳምንቱ ያዘችው። ለማንኛውም ነገ ኮሚቴው በር ላይ ይመጣል። የክትባት ወረቀቷን፣ የበሩን አዲስ መቀርቀሪያ አሳያቸዋለሁ። አላስራትም።

ሳሪስ 40 ዓመት፦
መቀርቀሪያው ጥሩ ነው፣ እሱን ቀድመሽ ብታደርጊው ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ማታው ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሌባ ሥጋ ወርውሮላት በላች እንበል፣ ያኔስ?

የማታ ጥበቃ ነኝ፦
ጋሼ፣ የታሰረውስ የተወረወረለትን አይበላም? ርቦት የዋለው እሱ አይደል?

ሳሪስ 40 ዓመት፦
የእኔ አይበላም። አስተምሬዋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ፦
እንዴት አስተማሩት? ታስሮ ሳለ ነው ወይስ ተፈትቶ?