ከቡና ማበጠሪያ ሰዓት ተቆጣጣሪነት ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር መግባት እችላለሁን?

የቆጪዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ነው። ዕድሜዬ 33 ሲሆን የአንድ ልጅ እናት ነኝ። በጂኦግራፊ ተመርቄ የማስተማር ሥራ ባለማግኘቴ በ2009 ዓ.ም. በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት በሰዓት ተቆጣጣሪነት ተቀጠርሁ። እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ደመወዜ 6,240 ብር ነው።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ በር ላይ መዝገቤን ይዤ እቆማለሁ። ሥራው ሲበዛ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ከ200 በላይ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ከዳውሮና ከየም የመጡም አሉ። ማን እንደ ገባች፣ ማን እንደ ቀረች፣ ስንት ፈረሱላ እንደ ለቀመች እመዘግባለሁ። ልጅ የታመመባት፣ ሒሳቧ የጎደለባት፣ ከሚዛን ሠራተኛው ጋር የተጣላች ሁሉ መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እኔ ነው።

ይህን ጥያቄ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ዓመት ሙሉ አብራን የሠራች አንዲት ሴት ወለደች። እኔ በየቀኑ ስሟ አጠገብ «ቀሪ» እያልሁ ጻፍሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን አይቶ «ሰርዣት» አለኝ፤ ሰረዝኋት። ከሁለት ወር በኋላ ልጇን አዝላ መጥታ በሩ ላይ «ስሜ የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ኋላ አንድ የሕግ ተማሪ ጎረቤቴ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አውሶኝ ሳነብ፣ ያን ጊዜ ያቺ ሴት በወሊድ ፈቃድ ላይ እንደ ነበረች አወቅሁ። ያባረራት መዝገብ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራ በዕውቀት መሥራት እፈልጋለሁ። የሥራ ማስታወቂያዎቹ ግን ሁሉ «በሰው ሀብት አስተዳደር ወይም በማኔጅመንት ዲግሪና ሁለት ዓመት ልምድ» ይላሉ። ሌላ ዲግሪ መማር ግዴታ ነውን? ከየት ልጀምር?

ኬሚስትሪ አስተማሪ የነበረች

እህቴ፣ እኔ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ነው ወደዚህ ሙያ የገባሁት። በባለሙያነት የቀጠረኝ አልነበረም፤ በማህደር ሠራተኛነት ገባሁ፣ ደመወዜም ቀነሰ። አንድ ዓመት ሙሉ የሠራተኞችን የግል ማህደር ስከፍትና ስዘጋ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ እንዴት እንደሚጻፍ ማንም ሳያስተምረኝ ተማርሁ። ጎን ለጎን በርቀት ማኔጅመንት ተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ሥራውን ማግኘቴ ትምህርቱን አቀለለልኝ። ማህደር ክፍል ያለበትን ቦታ አትናቂ።

ጡረተኛው የአስተዳደር ሰው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በዚህ ሙያ 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥራ ሁለቱን እዚያው ጅማ። እኔ ስጀምር «ፐርሶኔል» ነበር የሚባለው። ልምድ የለሽም ቢሉሽ አልቀበልም። የሰዓት ቁጥጥር፣ የክፍያ መነሻ መረጃ፣ የሠራተኛ አቤቱታ ሰምቶ ማብረድ የዚህ ሙያ ግማሽ ነው። የጎደለሽ ልምዱን የሚናገር ወረቀትና ሕጉ ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። ባለሽበት ድርጅት የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሥራ እስክትለቂ መጠበቅ የለብሽም። ነገር ግን «ሰዓት ተቆጣጣሪ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፈው ከሰጡሽ ማንም ቀጣሪ አይረዳሽም። የምትሠሪውን ራስሽ በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ውሰጂላቸው፦ ከ200 በላይ ሠራተኞችን መቆጣጠር፣ የክፍያ መነሻ ማዘጋጀት፣ ቅሬታ መቀበል። ብዙ ጊዜ አለቆች የማይጽፉት ክፉ ሆነው ሳይሆን ለመጻፍ ስለሚሰለቹ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ አዋጁን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከመሸምደድ ይልቅ በራስሽ ላይ አስልተሽ ተለማመጂ። ለምሳሌ ዘጠኝ ዓመት ሠርተሻል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ የአንቺ 20 ቀን ነው። ስንቱን ወስደሻል? ደመወዝሽን ለ208 ሰዓት ብታካፍዪው የአንድ ሰዓቱ 30 ብር ይመጣል፤ 208 ማለት በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው የወር ሰዓት ነው። በአዘቦት ቀን ከሥራ ሰዓትሽ በኋላ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ሦስት ሰዓት ብትጨምሪ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 135 ብር ይገባሻል። ለሕዝብ በዓል ቀን ግን ማባዣው ሁለት ተኩል ነው። ለጡረታ ከአንቺ 7 በመቶ፣ 436 ብር ከ80 ሳንቲም ይቆረጣል፤ አሠሪሽ ደግሞ 11 በመቶ፣ 686 ብር ከ40 ይጨምራል። በቃለ መጠይቅ የምትጠየቂው እንዲህ ያለውን ነው። እኔ ራሴ ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ ዲግሪ ይዘው ይህን ማስላት ያቃታቸውን ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

አንድ ነገር ለዪ። ይህ አዋጅ የግል ድርጅትና የመሳሰለውን የሚመለከት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ለየትኛው ቤት እንደምታመለክቺ አውቀሽ የዚያን ቤት ሕግ አንብቢ። ኦሮምኛ ከቻልሽ ደግሞ በማመልከቻሽ ውስጥ በግልጽ ጻፊው። ጅማ ላይ ሠራተኛውን በአፉ ቋንቋ የማያናግር የአስተዳደር ሰው አቤቱታውን በአስተርጓሚ ነው የሚሰማው፤ በአስተርጓሚ የተሰማ አቤቱታ ደግሞ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሥራውን የተወ

እኔ ላስፈራሽ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ወደ ሙያው የምትገቢው ያቺን ሴት ለመካስ ከሆነ አስቢበት። እኔ በአንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠኝ ሥራ 14 የስንብት ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ስማቸውን ከዝርዝር እየገለበጥሁ ጻፍሁ። አንዱ ደብዳቤውን ተቀብሎ «አንተ ነህ የጻፍኸው?» አለኝ። ከአሠሪው ደመወዝ እየበላሽ በሠራተኛው ፊት መቆም ነው ሥራው። ሦስት ዓመት ሠርቼ ተውሁት።

ጡረተኛው የአስተዳደር ሰው

ወንድሜ ያለው እውነት ነው፤ እኔም ጽፌያለሁ። ሆኖም የስንብት ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚጻፍ ለውጥ ያመጣል። አንድ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ቀርቶ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው ይሰናበት የሚባለው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ሲቀርና ስለ መቅረቱ ቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው ነው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካሳለፈም በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥራ አስኪያጁ «ሰርዛት» ሲለው «ጌታዬ፣ ወልዳለች፤ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ ብንሰርዛት ፍርድ ቤት እንቀርባለን» ይላል። አለቃ ደግሞ ለሠራተኛ ባያዝን ለክስ ይፈራል። ሁልጊዜ ይሰማሉ አልልም። እኔን ሰምተው የተዉበት ጊዜ ግን ካልሰሙኝ ይበልጣል።

የቆጪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ባሉት መሠረት አስልቼ አየሁት፤ ካለፉት ሁለት ዓመታት ብቻ 26 ቀን ያልወሰድሁት ፈቃድ አለኝ። የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ጠይቄ በአንድ ገጽ ያዘጋጀሁትን ሰጠኋቸው። ጸሐፊዋ «ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ የምትሠሪው?» ብላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይዛው ገባች፤ ሦስቱን አንቀጽ እንዳለ ፈርሞበታል። ሥራውን ስለ ተዉት ወንድሜ ቃል ደግሞ ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ከሆንሁ፣ ቢያንስ ስሙን ከዝርዝር ከመገልበጤ በፊት ማህደሩን እከፍታለሁ።

አጂፕ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት የማህደር ሠራተኛ ይፈልጋል። ደመወዙ ከአሁኑ በ700 ብር ያንሳል። ላመለክት ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በማመልከቻዬ ላይ ስለዚያች ሴት ልጻፍ?

ጡረተኛው የአስተዳደር ሰው

አትጻፊ። የድርጅትሽን ገመና በማመልከቻ የምትገልጪ ብትሆኚ የእኛንም ትገልጣለች ይሉሻል። ለቃለ መጠይቅ ተጠርተሽ «ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽ?» ካሉሽ ግን የድርጅቱን ስም ሳትጠሪ ንገሪያቸው። ስሟን የሰረዝሽው አንቺ መሆንሽንም አትደብቂ።

ሴትዮዋ ዛሬ የት ናት? ታውቂያታለሽ?

የቆጪዋ

አዎ፣ ጋሼ። ሕርማታ መርካቶ ሽንኩርት ትቸረችራለች። እሁድ ሄጄ አያታለሁ።