አራት ሪጎሬ ያዳነው ሮማኒያዊ በረኛ

የከዚራው በረኛ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ለሰፈር ቡድን በረኛ ነኝ። እሁድ በሪጎሬ ተሸነፍን፣ አንዷንም አልነካሁም። አሰልጣኛችን «ዱካዳምን አጥና» አለኝ። የሚያውቀው አለ?

የመጋላው፦
አቦ፣ ለኔ ከሱ በላይ በረኛ የለም! ሄልሙት ዱካዳም ይባላል፣ የሮማኒያው ክለብ የስቴዋ ቡካሬስት በረኛ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. በሴቪያ ከባርሴሎና ጋር የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። 120 ደቂቃ ያለ ግብ አለቀ። የስቴዋ የመጀመሪያ ሁለት መቺዎችም ሳቱ። እሱ ግን አሌክሳንኮን፣ ፔድራዛን፣ ፒቺ አሎንሶን፣ ማርኮስን በተከታታይ አዳነባቸው። ስቴዋ በሪጎሬ 2 ለ 0 አሸነፈ።
አወዳደቁን ልብ በል ወንድሜ። ሦስቴ በተከታታይ ወደ ቀኙ ተወረወረ። አራተኛው መቺ «አሁንም ቀኝ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ጎን መታ። ዱካዳም እዚያ ቀድሞት ተገኘ። እኔ ደቻቱ አሸዋ ላይ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ክርኔ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ።

እናት ድሬ፦
የኔን አንጀት የሚበላው ቀጥሎ የሆነው ነው። በዚያው ክረምት ቀኝ እጁ ላይ ደም ረጋበት። ገና 27 ዓመቱ ነበር። ከትልቁ መድረክ በዚያው ቀረ። በኋላ በሮማኒያዋ አራድ ከተማ በታችኛው ሊግ ትንሽ ተጫውቷል። ታኅሣሥ 2024 አረፈ።

የከዚራው በረኛ፦
እጁን መሆኑ... በጣም ያሳዝናል። ነገ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ታናሽ ወንድሜን ሪጎሬ አስመታዋለሁ። ወደ ቀኝ እጀምራለሁ።