የላይኮፖዲየም እንክብል ለእናቴ የሆድ መነፋት ይበጃልን?

ጥያቄ፦ እናቴ ምግብ በበሉ ቁጥር ሆዳቸው እየተነፋ ከተቸገሩ ወራት አልፈዋል። ሰሞኑን አንዲት ዘመዳችን «ላይኮፖዲየም 30ሲ» የሚል የሆሚዮፓቲ (ከተለመደው ሕክምና ውጭ የሆነ አማራጭ ሕክምና) እንክብል አምጥታላቸው፣ ከተክል የተሠራ ስለሆነ ከሐኪም መድኃኒት ይሻላል ብላቸዋለች። እርሳቸውም ሐኪም ያዘዘላቸውን የጨጓራ መድኃኒት ሊያቆሙ ነው። ተክሉ ምንድን ነው? መድኃኒታቸውን ቢተዉስ ምን ይላሉ?

መልስ፣ ከዕፅዋት መምህር፦ ላይኮፖዲየም ሳረንስት ቢመስልም ሳረንስት አይደለም፤ ውኃ የሚያመላልሱ ቱቦዎች ያሉት፣ ያለ አበባና ያለ ፍሬ በስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት በደቀቀ የመራቢያ ቅንጣት፣ የሚራባ ተክል ነው። የጥንት ዘመዶቹ እስከ 30 ሜትር የሚረዝሙ ዛፎች ነበሩ፤ ከድንጋይ ከሰል ከፊሉም የእነርሱ ቅሪት ነው። ለሆሚዮፓቲ የሚወሰደው ቢጫው የስፖሩ ዱቄት ሲሆን፣ ዱቄቱ ውኃ ስለማያርሰው ቀድሞ እንክብሎች እንዳይጣበቁ ይነሰነስባቸው ነበር።

መልስ፣ ከመድኃኒት ባለሙያ፦ ዋናው ነገር «30ሲ» የሚለው ምልክት ነው። የሆሚዮፓቲ መሥራች ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን ባስተማረው ስልት፣ አንድ እጅ መነሻ በ99 እጅ ማቅጠኛ ይደባለቃል፤ ከዚያም ከድብልቁ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99 እጅ ይቀጥናል፤ ይህ 30 ጊዜ ይደጋገማል። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው አንዲት ሞለኪውል እንኳ መገኘቷ ያጠራጥራል፤ በ30ኛው ላይ የሚቀረው በተግባር እንክብሉ የተሠራበት ስኳር ብቻ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም ሕመም እንደሌለ ደምድሟል። ስለዚህ እኔን የሚያስፈራኝ እንክብሉ ሳይሆን የጨጓራው መድኃኒት መቋረጡ ነው፤ እባክዎ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ እንዳያቆሙ ይለምኗቸው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከወሰዱት ሁለት ቀን በኋላ ቀለል ብሎኛል ብለዋል፤ ይህስ እንዴት ሆነ?

መልስ፣ ከመድኃኒት ባለሙያ፦ እውነታቸውን ነው፣ አይጠራጠሯቸው። የሆድ መነፋት በራሱ እየመጣ የሚሄድ ነው፤ ተስፋ ማድረግም ስሜትን ያቀላል። ሆኖም ክብደት ከቀነሱ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ ወይም ደም ከታየበት፣ ወይም ማስመለስ ከበዛባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።

መልስ፣ ከሌላ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። እንክብሉ ካልሠራ ተክሉን አፍልተን እንጠጣው የሚል እንዳይመጣ እሰጋለሁ። ሁፐርዚያ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነርቭን የሚነካ ንጥረ ነገር ስላለው፣ አፍልተው የጠጡት ሰዎች ማስመለስ፣ ላብና የጡንቻ መኮማተር ደርሶባቸዋል፤ ሁለቱን በዓይን መለየት ደግሞ ላልተማረ ሰው አስቸጋሪ ነው።

ጠያቂ፦ ነገ ሁለቱንም መድኃኒት ይዘን ሐኪማቸው ዘንድ እንሄዳለን፤ እስከዚያው የጨጓራውን እንዲቀጥሉ ተስማምተዋል።