አምስት ድረ ገጽ ላይ ያነበብኩት የጌም ዜና ውሸት ሆነ፤ ከመለጠፌ በፊት እንዴት ላጣራ?

ጥያቄ፦ ናቲ
ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ የጌም ዜና በአማርኛ እየተረጎምኩ እለጥፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ብዙዎቻችን የምንጠብቀው አንድ ጌም «ዲሴምበር 31 ይወጣል» ብዬ ጻፍኩ። ከመሬት ተነስቼ አልነበረም፤ አምስት ድረ ገጽ ላይ አንብቤ ነው። በማግስቱ ሠሪዎቹ ምንም ቀን እንዳልተናገሩ አስታወቁ። ያመኑኝን ሰዎች ስላሳሳትኩ በጣም ከብዶኛል። አምስት ቦታ ማየት ካልበቃ በምን ላጣራ? የለጠፍኩትንስ ላጥፋው?

መልስ፦ ሊያ
ናቲ፣ አንድን ወሬ ነው አምስት ጊዜ ያነበብከው። እስኪ አምስቱንም እንደገና ክፈታቸው። «እገሌ እንደዘገበው» የሚል ቦታ ፈልግና ሊንኩን ተከተል። አንዱ ወደ ሌላው ይመራሃል። ሊንክ ከሌለ የወጡበትን ሰዓት አስተያይ። ምስሉንም ልብ ብለህ እይ፤ የሁሉም ስክሪንሾት እኩል ቦታ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ተቀባብለውታል።

ደግሞ እኛ የምንተረጉም ሰዎችም ጥፋት አለብን። የመጀመሪያው ሰው «ሊወጣ ይችላል» ይላል። ቀጣዩ «ሊወጣ ነው» ያደርገዋል። እኛ ጋ ሲደርስ «ይወጣል» ሆኗል፤ ርዕሱ ላይ «ተረጋገጠ» ተጨምሮበታል። በመሀል አንዲት አዲስ መረጃ አልተገኘችም። ግሡ ብቻ ነው የተለወጠው። እኔ አሁን ከመለጠፌ በፊት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ግስ ከራሴ ግስ ጋር አስተያያለሁ። ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

መልስ፦ የማታ ተጫዋች
ዲሴምበር 31 ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። ኦንላይን ሱቆች ቅድመ ትእዛዝ ሲቀበሉ የቀኑን ቦታ ባዶ ላለመተው የዓመቱን መጨረሻ ያስገባሉ። ትክክለኛው ሲታወቅ ይቀይሩታል። ማርች 31 እና ጁን 30ም እንደዚያው ናቸው፤ ስታያቸው ጠርጥር።

የእውነት ቀን ሲሆን ባለቤቱ ይናገራል። ጂቲኤ 6 የተባለውን ጌም እይ። መጀመሪያ 2025 ተባለ፣ ከዚያ ወደ ሜይ 26፣ 2026፣ ቀጥሎ ወደ ኖቬምበር 19፣ 2026 ተገፋ። ሁለቱንም ጊዜ ያስታወቀው ሠሪው ሮክስታር ራሱ ነው። እናት ኩባንያው ቴክ ቱ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ስለሆነ ለባለአክሲዮኖች በሚያወጣው ሪፖርት ላይም የጌሞቹን ቀን ታገኛለህ። የለጠፍከውን ግን አጥፋው፤ ውሸት ምን ያደርግልሃል?

መልስ፦ አቤል
ብቻህን አይደለህም ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተጫዋቾች አንድ ድረ ገጽ ሬዲት በሚባለው የውይይት መድረክ ላይ የሚጽፉትን በማሽን እየለቀመ ዜና እንደሚያደርገው ጠረጠሩ። «ግሎርቦ» የሚባል የሌለ ነገር ፈጥረው በመጨረሻ መጣልን ብለው ጻፉ። በማሽን የሚሠሩ የዜና ገጾች ይህን እንዲዘግቡ እንደሚፈልጉም እዚያው ላይ በግልጽ አስፍረዋል። ድረ ገጹ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጭምር ገልብጦ አወጣው።

ሰውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ የተባለው መጽሔት ለኤፕሪል ዘ ፉል ስትሪት ፋይተር 2 ውስጥ ሼንግ ሎንግ የሚባል ድብቅ ተፋላሚ አለ ብሎ ጻፈ። እሱን ለማግኘት ተጫዋቹ ሪዩ የተባለውን ተፋላሚ ይዞ አንድም ምት ሳያርፍበት እስከ መጨረሻው መድረስ ነበረበት። ሌሎች መጽሔቶች ሳይሞክሩት እውነት ብለው አተሙት። ስንት ልጅ በዚህ ሌሊቱን እንዳነጋ አስቡት።

መልስ፦ ሊያ
በማጥፋቱ አልስማማም። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አንተ ብታጠፋውም ብታርመውም እንዳለ ይቀራል። ዋናው ፖስት ላይ «ስህተት ነው» ብለህ ከላይ ጻፍበት። ከዚያ እርማቱን ለብቻው አዲስ ፖስት አድርገህ ፒን አድርገው፤ ያሳለፉት ሰዎች እሱንም ማሳለፍ ይችላሉ።

ናቲ
ተባረኩ። እንዳላችሁት ሊንኩን ተከተልኩ። አራቱ አምስተኛውን ነው የጠቀሱት። አምስተኛው ያየው አንድ የሱቅ ገጽ ነው፤ ከቀኑ ሥር በደቃቅ ፊደል «ሊለወጥ ይችላል» ይላል። ይህቺን መስመር ማንም አላነሳትም፣ እኔም ጭምር። ሊያ እንዳለችው እርማቱን ለጥፌ ፒን አድርጌዋለሁ። የሱቁን ገጽ ስክሪንሾትም ጨምሬበታለሁ።