ጥቆማ፦ በጎንደር የቤት አስቤዛ ከየት፣ መቼና በምን መስፈሪያ ቢገዛ ያዋጣል?

ከሌላ ከተማ ተዛውረው ማራኪ አካባቢ ቤት የተከራዩ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ደመወዛቸው ከወሩ አጋማሽ እንደማያልፍ ነግረውኝ፣ አስቤዛ ከየት ቢገዙ እንደሚሻላቸው ጠየቁኝ። በቃል የነገርኋቸው በዝቶ ስለተምታታባቸው በጽሑፍ አሰናድቼዋለሁ። ዋጋ በብር አልጠቀስሁም፤ ዛሬ የጻፍሁት ለመጪው ቅዳሜ ላይሠራ ይችላልና። ያነጻጸርሁት የመግዣውን ቦታ፣ ጊዜና መስፈሪያ ነው፤ በእኔ ልምድ የቤትን ወጪ በዋናነት የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ሲሆኑ፣ ነጋዴው የሚጠራው ዋጋ ከእነርሱ ቀጥሎ ይመጣል።

ለእህል፣ ለቅመምና ለቅቤ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ቅዳሜ ገበያ ነው። ስሙ የቅዳሜ ቢሆንም በሌሎቹ ቀናትም ይሸመትበታል፤ ይሁን እንጂ ገበሬው ያመረተውን ራሱ ይዞ የሚቀመጥበትና ያለ ደላላ መግዛት የሚቻልበት ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው። ማለዳ የሄደ መርጦ ይገዛል፤ ከሰዓት በኋላ የሄደ ደግሞ፣ ገበሬው የተረፈውን ሸጦ ወደ አገሩ ለመመለስ ስለሚቸኩል፣ በዋጋ ይጠቀማል። እኔ ቅመምና ቅቤ በማለዳ፣ ድንችና ጎመን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መግዛት እመርጣለሁ። የሰፈር ጉልት ለሎሚ፣ ለቃሪያና ለሁለት ራስ ሽንኩርት ይበቃል፤ ለእነዚህ ብሎ በኮንትራት ባጃጅ ገበያ የሚሄድ ሰው ያተረፈውን ለባጃጁ ከፍሎ ይመለሳል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ዘይትና ስኳር በገባለት ሳምንት ከግል ሱቅ ይሻላል፤ ችግሩ ዕቃው የሚገባበትን ሳምንት ማወቅ ስለሆነ፣ ከማኅበሩ ሻጭ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ራሱን የቻለ ቁጠባ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን በየቀኑ ከበር ላይ ሱቅ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ዘይትና አንድ እፍኝ ሽሮ መግዛት ነው፤ ባልደረባዬን የጎዳቸውም ይኸው ነበር።

ገበያ ውስጥ ከዋጋው በፊት መስፈሪያውን ይጠይቁ። እህልና ቅመም በኪሎም፣ በጣሳም፣ በቁናም ይሸጣል፤ ጣሳ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። የአንዱ ታቹ ወደ ውስጥ ተጎድጉዷል፣ የሌላው አፉ ተጣሟል፤ አንዱ ሻጭ ከምሮ ይሰፍራል፣ ሌላው በመዳፉ ጠርጎ። ስለዚህ የራሴን ጣሳ በዘንቢሌ ይዤ እሄዳለሁ። ይህን ጣሳ ቤት ውስጥ በጤፍ፣ በምስርና በሽምብራ እየሞላሁ በሚዛን መዝኜ፣ የእያንዳንዱን ክብደት በጎኑ ላይ በሚስማር ጭሬበታለሁ። ሻጯ በራሷ ጣሳ ሰፍራ ወደ እኔው ስትገለብጠው ጉድለቱን ሁለታችንም እናየዋለን፤ አብዛኞቹ ምንም ሳልናገር አንድ እፍኝ ይጨምሩልኛል። ሚዛን ያለበት ቦታም ቢሆን አያስተማምንም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሱቅ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ቤት ስመዝነው ከአራት ኪሎ ተኩል አላለፈም። ተመልሼ ብነግረው ባለሱቁ «ሚዛኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ። ጨመረልኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከእርሱ የምገዛው የታሸገ ዕቃ ብቻ ነው።

ጤፍ በብዛት መግዛት ለሚችል ሰው ጊዜው ከጥር እስከ የካቲት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደው ተወቅቶ ገበያውን የሚያጠግበው ያኔ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን የአምናው የሚያልቅበትና የዘንድሮው ያልደረሰበት ወቅት ነው። ኩንታል ለመግዛት አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ የእቁብ ዕጣዬ በሌላ ወር ሲወጣ ከሌላ አባል ጋር ተለዋውጬ ጥር ላይ እወስዳለሁ። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው፣ ከእርጥበትና ከአይጥ እስከተጠበቀ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ሽምብራና ማሽላ ግን ለነቀዝ ስለሚጋለጡ ከሁለት ወር ፍጆታ በላይ እንዲገዙ አልመክርም፤ የደምቢያ ሽምብራ መልካም ነው ብለው በረከሰበት ወቅት ብዙ ከገዙ፣ ወዲያው አስቆልተውና አስከክተው ለሽሮ ያዘጋጁት። ከማኛ ይልቅ ሰርገኛ ጤፍ ይረክሳል፤ በጣዕም ያንሳል የሚሉኝ ሰዎች ወጡ ከቀረበ በኋላ ሲለዩት አላየሁም። ከሦስት እጅ ጤፍ ጋር አንድ እጅ የፎገራ ሩዝ አስፈጭተው መቀላቀልም ወጪን ይቀንሳል፤ ሩዝ የበዛበት እንጀራ ግን በማግሥቱ ስለሚደርቅና ስለሚሰባበር፣ ከዚህ መጠን እንዲያልፉ አልመክርም። ወፍጮ ቤት ሲመርጡ የማስፈጫውን ዋጋ ብቻ አይመልከቱ፤ በርበሬ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ጤፍዎን የማይደፋ፣ ዱቄቱንም ሳያራግፍ የማያስረክብ ወፍጮ ቤት ጥቂት ቢያስከፍልም ይሻላል።

በቅቤ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው እንደ ቅቤ የሚታለልበት ነገር አላየሁምና። ቅቤ የሚረክሰው በዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን ሙሉ የሚጾመው ሕዝብ ስለማይገዛ፣ በተለይ ከጾሙ መግቢያ እስከ ደብረ ዘይት ባለው ጊዜ ሻጮቹ ዋጋ ዝቅ ያደርጋሉ። ፋሲካ ሲቃረብ ግን በየቀኑ ይጨምራል። ዋጋው ዝቅ ባለበት በጾሙ መጀመሪያ የዓመቱን ገዝቶ ማንጠርና በደረቅ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ያለ ፍሪጅም ለወራት ይቆያል። አንድ ጊዜ የሁለት ሻጮችን ቅቤ፣ ከእያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ገዝቼ ለየብቻ አነጠርሁት። ውዱ በለሰለሰ ድምፅ ፈልቶ፣ ታቹ ጥቂት ዝቃጭ ብቻ አስቀርቶ 800 ግራም ያህል ሰጠኝ። ርካሹ ገና ሲሞቅ መንጣጣት ጀመረ፤ ምድጃው ዙሪያ ተረጨ፤ አረፋው ተገፍፎ አላልቅ አለ፤ ሲጠለልም 600 ግራም ያህል ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሌቴ ግልጽ ነው፦ ውኃ የበዛበት ቅቤ ዋጋው ከጥሩው ሦስት አራተኛ በታች ካልወረደ ርካሽ አይደለም። ለመለየት ከመሐሉ ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣት ይጫኑት፤ ጠብታ ካወጣ ይተዉት። ላዩን ብቻ አሳይቶ መሐሉን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎትም ይለፉት።

ይኸው መርሕ ለዛላ በርበሬም ይሠራል። በእርጥበት የከበደ ዛላ ሲጨበጥ ይታጠፋል፤ የደረቀው ይሰባበራል፣ ፍሬውም ሲነቀነቅ ይንኳኳል። የተፈጨ በርበሬ ከማያውቁት ሰው እንዲገዙ አልመክርም።

እንጀራ መግዛት ወይስ መጋገር የሚለው በቤተሰቡ ብዛት ይወሰናል። ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት ከታወቀች ጋጋሪ መግዛት ይሻላል፤ አራትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ ግን መጋገር ያዋጣል። ጋጋሪዎችን ሲያነጻጽሩ የአንዱን እንጀራ ዋጋ ሳይሆን የአምስቱን ክብደት ያወዳድሩ፤ ዋጋው ባለበት ሲቆይ የሚሳሳው እንጀራው ነው። ቤት የሚጋግር ሰው ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብና የፍጆታው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ ምጣዱን ለሦስት እንጀራ ማሞቅ ኪሳራ መሆኑን ይወቅ። የሦስትና የአራት ቀኑን በአንድ ሙቀት ጋግሮ መጨረስ፣ ከነቀሉት በኋላም በቀረው ሙቀት ገብስ መቁላት ወይም የተረፈ እንጀራ ማድረቅ ይቻላል። ድርቆሹን ለፍርፍር ያስቀምጡት፤ እኛ ቤት እንጀራ የሚጣለው ሻጋታ ካገኘው ብቻ ነው፣ ያም ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መብራት ሲጠፋ በከሰልና በእንጨት ከመሥራት ሌላ አማራጭ ስለማይኖር፣ ምድጃውን ቀድሞ መምረጥ ተገቢ ነው። ላቀች የተባለው ውስጡ ሸክላ የሆነ የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሁለቱም ዋጋቸውን በጥቂት ወራት ይመልሳሉ ብዬ ስለማምን ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ከሰል ሲገዙ ማዳበሪያው ከአፉ ትልልቁን አሳይቶ ከታች ብናኝ ሊይዝ ስለሚችል፣ ከጎን በእጅ ዳብሰው ወይም አስገልብጠው ይዩት። ደግሞም ክረምቱ ሳይገባ፣ ከሰኔ በፊት ይግዙ፤ በዝናብ የራሰ ከሰል ጭሱ ለዓይን፣ ዋጋው ለኪስ አይሆንም።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በየጊዜው በጋሪ የሚመጣ ጄሪካን ከሚገዛ፣ አንድ ጊዜ በርሜል ወይም ሮቶ ቢገዛ ይሻለዋል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያው የሚወርደውን ማጠራቀም ለልብስና ለወለል ማጠቢያ በቂ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን ጣሪያው እስኪታጠብ ይልቀቋቸው። የመብራትና የውኃ ክፍያን በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ መፈጸም የባጃጅ ሂሳብንና የግማሽ ቀን ሰልፍን ያስቀራል። የስልክ ጥቅልም በየቀኑ ከሚገዛ በወር ቢገዛ ይረክሳል።

ለልብስ ብዙ አልልም። የትልቁን ልጅ ዩኒፎርም ለታናሹ የሚያሳጥር ጥሩ ልብስ ሰፊ በየሰፈሩ አለ፤ ሥራ የሚበዛበት መስከረም ሳይጠባ፣ ሐምሌ ላይ ቢሰጡት በዋጋም ይስማማሉ፣ በጥራትም ይሠራልዎታል። የጫማ ሶል ማስለጠፍ የሚያዋጣው ላዩ ቆዳ ከሆነ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥቆማዬ ሥጋ ነው። ከሥጋ ቤት በኪሎ መግዛት ለእንግዳና ለድንገተኛ ነገር ካልሆነ በስተቀር አያዋጣም፤ ለበዓል ቅርጫ መግባት ይሻላል። በሬው በጋራ ተገዝቶ፣ ታርዶ፣ ከሥጋውም ከአጥንቱም ከጨጓራውም በየመደቡ ይከፋፈልና ዕጣ ይጣላል፤ ስለዚህ ማንም ሰው የተሻለውን መርጦ አይወስድም። ሙሉ መደብ የሚበዛበት ቤተሰብ ከጎረቤት ጋር ለሁለት መካፈል ይችላል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ቀዩን ሥጋ በዚያው ዕለት ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሶ ለቋንጣ ቢሰቅለው ለሳምንታት ያገለግለዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው በሬውን በሚገዙት ሰዎች ላይ ነው፤ ከብት የሚያውቅ ሽማግሌ የሌለበት ቅርጫ ውስጥ አይግቡ፤ ገንዘቡም ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ካልተሰበሰበ በመጨረሻው ሳምንት የተወደደ በሬ ለመግዛት ይገደዳሉ። የእኛ ሰፈር ቅርጫ ለመጪው ፋሲካ አንድ መደብ ይጎድለዋል፤ ባልደረባዬ ሆይ፣ ከጎረቤትዎ ጋር ተነጋግረው ግማሹን ከፈለጉ እስከ ደብረ ዘይት ያስታውቁኝ።